ሁለት አያቶች፣ አንድ ድስት ገንፎ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ የባለቤቴ እናት ሲዳማ ናቸው። ላቀራርባቸው ብዬ አሞራ ገደል ዓሣ ጋበዝናቸው፤ ሳይነጋገሩ በልተው ተነሡ። ባለፈው አማቴ ቡሪሳሜ (ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ) ሠርተው መጡ። ጾምም አልነበረም። እናቴ "ጠግቤያለሁ" ብላ ሳትቀምስ ቀረች። አማቴ ሳህኑን ሸፍነው፣ እዚያው ትተውት ሄዱ። አሁን ደግሞ የት ልታረስ የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ሆኗል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያ የተሸፈነ ሳህን ከዐይኔ አልጠፋ አለ። እናትሽ የተዉት ምግቡን ነው፤ አማትሽ የሰሙት ግን "እርስዎን አልፈልግም" የሚል ነው። እናትሽ ንቀው ላይሆን ይችላል። በማያውቁት ማዕድ መሳሳት ያስፈራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ሰዎችን ይበልጥ የሚያቀራርበው ስለ ሌላው ማወቅ ብቻ ሳይሆን የፍርሃት መቀነስና በሌላው ቦታ ሆኖ ማየት መሆኑን አግኝተዋል።

የዓሣው ምሳ ለምን አልሠራም? እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ አፎካከራቸው። ተጣሉ። አብረው ይብሉ ሲባል ምግብ ተወራወሩ። (የእናንተዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ቢያንስ ዓሣ አልተወራወሩም!) ጠባቸው የበረደው ውሃ ሲቋረጥባቸውና ለሁሉም የሚሆን ሥራ አብረው መሥራት ሲጀምሩ ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ።

ስለዚህ ግብዣውን ተዪው፣ ሥራ ስጫቸው። የአራስ ገንፎው ገብስ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ቅቤው ይነጠራል። ሁለቱም አንድ ቀን አንቺ ቤት ይምጡና አብረው ይሥሩት። ሁለት ድስት ከሆነ ግን ውድድር ነው! ደግሞ አንዷ አዛዥ፣ ሌላዋ ተላላኪ እንዳይሆኑ። ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በዚያው ዓመት፣ የተራራቁ ሰዎችን ለማቀራረብ እኩልነትን፣ የጋራ ግብን፣ ትብብርንና የባለሥልጣን ድጋፍን አንድ ላይ የጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችሁ ባለሥልጣኖቹ አንቺና ባለቤትሽ ናችሁ። እሱ ለእናቱ ይናገር፣ አንቺ ለእናትሽ። "የሴቶች ጉዳይ ነው" ብሎ ዝም ካለ ነገሩ ይበላሻል።

የምትታረሺው እኔን ከጠየቅሽኝ በራሳችሁ ቤት ነው። እናትሽ ጋ ከሆነ አማትሽ እንግዳ ናቸው፤ አማትሽ ጋ ከሆነ እናትሽ። ውሳኔውን ለሁለቱም በአንድ ቀን ንገሯቸው።

ሳህኑን እናትሽ ራሳቸው ይመልሱት። ባዶውን እንዳይሆን ብቻ። ምን እንደሚያደርጉበት እሳቸው ያውቃሉ።