የአምባዛዬን ክሮሞሶም ላስመርምር?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በግቢዬ በሁለት የሲሚንቶ ገንዳ አምባዛ አረባለሁ። ጫጩቶቹን ስገዛ ግማሾቹ የባቱ፣ ግማሾቹ የጣና ዘር ናቸው ተብያለሁ። አሁን አንዳንዶቹ ክንድ ሊያክሉ ሲቃረቡ ሌሎቹ ከጣት አልዘለሉም፤ ቁጥራቸውም እያነሰ ነው፣ የሞተ ግን አላየሁም። አንድ ነጋዴ «የሁለቱ ሐይቆች ክሮሞሶም ስለማይገጥም ነው፣ ፈጣን ዲቃላ ላምጣልህ» አለኝ። ላስመርምራቸው?

መልስ፦ አያስመርምሩ። በጣናም በባቱም የሚገኘው አምባዛ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ የሚባለው አንድ ዝርያ ነው። በተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች የሕዋሱን ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚሸከሙትን ክሮች፣ ሲቆጥሩ ያገኙት 56 ነው። ክሮሞሶሞቹን በቅርጻቸው ሲመድቡ ከጥናት ጥናት መጠነኛ ልዩነት ይታያል፤ ያ ግን አንዱን ዓሣ ክንድ፣ ሌላውን ጣት አያደርገውም። ደግሞም ምርመራው ዓሣውን ያስከፍልዎታል፦ ኮልቺሲን የተባለ መድኃኒት ተወግቶ የሕዋሱ መከፋፈል ክሮሞሶሞቹ በጉልህ በሚታዩበት ደረጃ ላይ እንዲቆም ይደረጋል፣ ከሰዓታት በኋላ ይታረድና ኩላሊቱ ይወጣል፣ ሕዋሶቹ በቀጭን የጨው ውሃ አብጠው በመስታወት ላይ ተንጠባጥበው፣ ቀለም ተነክረው በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ።

ቆጠራው የሚጠቅመው ነጋዴው ላምጣልህ ላለው ዲቃላ ነው። በባሮና በኦሞ ተፋሰሶች የሚገኘው ሄትሮብራንከስ ሎንጊፊሊስ የአምባዛ ዘመድ ሲሆን ክሮሞሶሙ 52 ነው። ሁለቱ ሲዳቀሉ ልጁ ከአንዱ 28፣ ከሌላው 26 ወርሶ 54 ይሆናል። ዲቃላውን ለመጠርጠር ግን ዓይን ይበቃል። የአምባዛ የጀርባ ክንፍ አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ጅራቱ ይደርሳል፤ ሄትሮብራንከስ ግን ከዚያ ክንፍ ኋላ ስባማ የሆነ ሌላ ክንፍ አለው፣ ዲቃላውም አነስ ያለ ይወርሳል። «ዲቃላ ነው» የሚልዎ ሰው እናቱና አባቱ ምን እንደሆኑ፣ ጫጩቱ የት እንደተፈለፈለ ካልነገረዎ አይግዙት።

(የጾታው ክሮሞሶም ክርክር ገና አልተቋጨም፤ በአንዳንድ ጥናቶች ጾታን የምትወስነው እናት ስትሆን በሌሎች አባት ነው። እርስዎ ወንዱን ለመለየት ከፈለጉ ሆዱን ገልብጠው በፊንጢጣው አጠገብ ያለችውን ሾጣጣ ሥጋ ይመልከቱ።)

አሁን ወደ ገንዳዎ። የሞተ ሳያዩ ቁጥሩ የሚያንሰው ትልልቆቹ ትንንሾቹን ስለሚበሉ ነው። አምባዛ በመጠን ከበለጠ ወንድሙን አይምርም፣ በተለይ ሲርበው። ዛሬውኑ በእጅ መረብ እያወጡ ትልልቆቹን በአንዱ፣ ትንንሾቹን በሌላው ገንዳ ይለዩ፤ ጫጩት እስካሉ ድረስ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይድገሙት። ብዙ አርቢ ይህን ይሰንፍበትና ዘሩን ይረግማል።

ቀሪው ችግር ብርዱ ነው። አምባዛ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ከ20 ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የሲሚንቶ ገንዳ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ደግሞ ቀኑንም። ስለዚህ ከዲቃላው በፊት ቴርሞሜትር ይግዙ። ማለዳና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለክተው ይመዝግቡ። ገንዳውን በቆርቆሮ ሳይሆን ፀሐይ በሚያስገባ ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ አምባዛ አየር ከላይ ስለሚስብ በውሃውና በፕላስቲኩ መካከል ክፍተት ይተዉለት። ሽፋኑ ዘልሎ እንዳይወጣም ይጠቅማል፤ አምባዛ በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ጠዋት በብርዱ የሚሰጡት ምግብ ሳይበላ ወርዶ ውሃውን ያበላሻል፣ ስለዚህ ውሃው ሞቅ ሲል ይመግቡ። ፋጉሎ ብቻውን አያሳድገውም፤ ከእንስሳት የተገኘ ፕሮቲን፣ ለምሳሌ የዓሣ ወይም የደም ዱቄት፣ ይቀላቅሉበት። ሽታ ከመጣ መመገቡን አቁመው ከፊሉን ውሃ ይቀይሩ።

ዲቃላውን ምናልባት ከገዙት ደግሞ አንዱም ወደ ቀበና ወንዝ እንዳያመልጥ። ለወደፊቱ ጫጩት ሲፈልጉ በቅርብዎ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል አስቀድመው ያማክሩ።