እምነት ሕመም ያስታግሳል፤ ወባንስ?

ድሬዳዋ የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ስለ እምነት፣ ስለ ሳይንስና ስለ አእምሮ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከከተማችን ሰፈሮች ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለእነዚህ መልሻለሁ።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ያስታግሳል ይባላል። ሕመምተኛው ራሱን እያታለለ አይደለም?

አይደለም፣ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የመንጋጋ ጥርስ የተነቀለላቸውን ሰዎች አጠኑ። ማስታገሻ የሌለበት ነገር ተሰጥቷቸው ሕመሙ ቀለል ያለላቸው ነበሩ። ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ ሥራ የሚያግደው መድኃኒት፣ ናሎክሶን፣ ሲሰጣቸው ግን ሕመሙ በረታባቸው። ስለዚህ ተስፋቸው አንጎላቸው የራሱን ሞርፊን መሰል ማስታገሻ እንዲያመነጭ አድርጎ ነበር ማለት ነው። እኔም ዘንድ መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እንክብሏን መዳፉ ላይ እያገላበጠ «ይህቺ ብቻ?» ይለኛል። ምን እንደምትሠራ ሳላስረዳው አልሸኘውም፤ ማስረዳቱ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነውና።

ከገንደ ቆሬ፦ እንግዲያው ወባም በእምነት ይድናል?

አይድንም፣ እህቴ። ተስፋ ጉልበት ያለው እንደ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ድካም ባሉ ስሜቶች ላይ ነው። ደም ውስጥ የሚራባውን ተውሳክ አይገድልም። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ አይታለች። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ ትኩሳት ሲይዝዎት ግን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የታዘዘልዎትንም ይጨርሱ።

ከለገሃሬ፦ የምወስደውን መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ካነበብኩ ወዲህ ራሴን ያመኛል።

ፍርሃትም እንደ ተስፋ ይሠራል፤ ሕመምዎ ግን እውነተኛ ነው። በራስዎ ሳያቋርጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከሳቢያን፣ ተማሪ፦ ሳይንቲስት የሚመራው በማስረጃ ብቻ አይደለም እንዴ?

በእምነትም ይነሳል፣ ልጄ። ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ ስታፈነግጥ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሌቬሪዬ የኒውተንን የስበት ሕግ አልተጠራጠረም፤ ያልታየች ፕላኔት እየሳበቻት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኔፕቱን እርሱ ካመለከተው ቦታ አጠገብ ከበርሊን ታየች። በ1859 ደግሞ የሜርኩሪን መዛነፍ አይቶ፣ በዚያው እምነት፣ ለፀሐይ የቀረበ ሌላ አካል አለ አለ። ቩልካን ተብላ ስም ወጣላት፤ አየናት ያሉም ነበሩ። የለችም! አንስታይን በ1915 መዛነፉን በአዲስ የስበት ንድፈ ሐሳብ አስረዳ። ሰውየውም እምነቱም ያው ነበሩ፤ የፈረደው ሰማዩ ነው። ሳይንስን የምወደው ለዚህ ነው።

ከመጋላ፦ መድኃኒት ሲሞከር ማን እውነተኛውን እንደወሰደ ለሐኪሙም የማይነገረው ተስፋ ውጤቱን እንዳያዛባ ነው?

አዎ። የሐኪሙ ተስፋ ከፊቱና ከድምፁ ይነበባል፤ መዝጋቢውም መሻሻልን ማየት ስለሚፈልግ ያልተሻለውን ተሽሎታል ሊል ይችላል። ስለዚህ እንክብሎቹ በመልክ አንድ ዓይነት ይደረጋሉ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ የሚገለጠውም ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው።