ወረፋው ረጅም፣ መደቡ የለም፦ ስለ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በልምምድ የአካልን አቅም ስለሚመልሰው ሕክምና) እና ከሐኪምና ከነርስ ውጭ ስላሉት አጋር የጤና ሙያዎች ናቸው። በቀጥታ ልግባ።

ልጄ በፊዚዮቴራፒ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራ አላገኘችም። እናቴን ደግሞ ስትሮክ መቷት ለፊዚዮቴራፒ የተሰጣት ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ባለሙያ ከጠፋ ልጄ ለምን ቤት ቁጭ አለች?

ሁለቱም እውነት ነው፤ አይጣሉም። የታካሚው ብዛት ሌላ ነው፣ ደሞዝ የተመደበለት መደብ ሌላ።

ፍላጎቱ እንደሆነ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በዓለም 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰው የተሃድሶ ሕክምና (ፊዚዮቴራፒን ጨምሮ የተዳከመ አቅምን የሚመልስ ሕክምና) ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር እንዳለበት አስልቷል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 10 የሠለጠነ የተሃድሶ ባለሙያ እንኳ እንደሌላቸው ይናገራል።

መደብ የሚከፈተው ግን በጀት ሲያዝ ነው። በጀት ሲደለደል ፊዚዮቴራፒ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሆስፒታል ውስጥ የሞተ ሰው ይቆጠራል። ከስትሮክ ተርፎ ከአልጋ ሳይነሳ የቀረን ሰው ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ቤተሰቡ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሌላም ዙሪያ ጥምጥም አለ። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒስት እንደሌለ ስለሚያውቅ ታካሚ አይልክም። ታካሚ ስለማይላክ ኃላፊው «ሥራ የለም» ይላል። ሥራ ከሌለ ደግሞ መደብ ለምን ይከፈታል? ስለዚህ የተላኩትን ብቻ ቆጥሮ «ይህን ያህል ባለሙያ ይበቃናል» የሚል ዕቅድ ሲያዩ አይመኑት።

ለእናትዎ ግን ሦስት ወር መጠበቅ ከባድ ነው። ከስትሮክ በኋላ አካል በብዛት የሚያገግመው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሐኪማቸው ቀጠሮውን እንዲያስቀርብላቸው ይወትውቱ። ደግሞ እኮ ቤትዎ የተመረቀች ፊዚዮቴራፒስት አለች! ሐኪሙን አማክራችሁ ከአያቷ ጋር ትጀምር።

የኮሌጅ መምህር ነኝ። የተማሪ ቅበላውን በእጥፍ ብናሳድግ በአራት አምስት ዓመት ችግሩ አይቃለልም?

አዳራሽ ውስጥ 80 ተማሪ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ አልጋ ዙሪያ 80 ተማሪ አይቆምም።

ስትሮክ የመታውን ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወርን እንይ። ብዙውን ጊዜ ወንበሩ በደህናው ጎኑ በኩል ይጠጋል፤ ፍሬኑ ይያዛል። የታካሚው እግሮች መሬት መርገጣቸው ይታያል። ባለሙያው የደከመው ጉልበት እንዳይከዳ በራሱ ጉልበት ደገፍ ያደርገዋል። የደከመውን ክንድ ይዞ መጎተት ክልክል ነው፤ ትከሻው ይጎዳል። ይህን አንብቦ ብቻ የቻለ ሰው አላየሁም። አጠገቡ ቆሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ በላቸው» የሚለው ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ደግሞ ያው ወረፋ የተሰለፈበት ፊዚዮቴራፒስት ነው። ተማሪ ሲያሠለጥን የሚያያቸው ታካሚዎች ቁጥር ካልተቀነሰለት፣ ወይ ተማሪው ጥግ ቆሞ ይመረቃል፣ ወይ ባለሙያው ተማርሮ ይለቃል። ቅበላውን ከማሳደግዎ በፊት ስንት አሠልጣኝ በስንት ሆስፒታል እንዳለ ይቁጠሩ። ቅበላው ከዚያ ቁጥር አይለፍ።

ሆስፒታል አስተዳድራለሁ። ፊዚዮቴራፒስት በበቂ አላገኘሁም። ረዳቶችን አሠልጥኜ ባሠራስ?

ጥሩ ነው፤ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። መመርመሩና ዕቅድ ማውጣቱ የፊዚዮቴራፒስቱ ይሁን፤ ማራመዱንና ማለማመዱን ረዳቱ ይያዝ። ረዳቱ ግን መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ አለበት። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ባቱ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ካመመው የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ያኔ ረዳቱ «ትንሽ እንራመድ» ሳይል ሰው መጥራት አለበት። የሚጠራው ሰው ከሌለ ግን ነገሩ አደጋ ነው።

አሠልጥነን አሠልጥነን ለውጭ አገር ሆነ። መልቀቂያ ብንከለክላቸውስ?

ኧረ ተው! መሄድ የፈለገ ይሄዳል። ያልተሳካለት ደግሞ ሙያውን ጥሎ ሌላ ሥራ ይገባል። ለታካሚው ሁለቱም ያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቁት የጤና ባለሙያ ቅጥር ደንብ አለ። ከባድ እጥረት ካለባቸው አገሮች ባለሙያ እየዞሩ መመልመልን አይደግፍም፤ የግለሰቡን የመሄድ መብት ግን አይነካም። አስገዳጅ ስላልሆነ ብዙ አትደገፍበት።

በእጅህ ያለውን እይ። ዐሥር ዓመት የሠራው ባለሙያ ማዕረጉ ትናንት ከገባው ጋር አንድ ነው? ከባድ ታካሚ የሚያነሳው ብቻውን፣ ያለ ማንሻ መሣሪያ ነው? ወገቡን የሚታመም ፊዚዮቴራፒስት ቀልድ ይመስላል፤ በሙያው ግን የተለመደ ነው። ደሞዙን መጨመር ከአንተ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ የዕድገት እርከኑንና የሥራ ጫናውን ግን ማስተካከል ትችላለህ። «ምን ቢስተካከል ትቆያለህ?» ብለህ የምትጠይቀውም መልቀቂያ ሳያስገባ ነው።

ሁልጊዜ ፊዚዮቴራፒ ፊዚዮቴራፒ! እኛስ? (ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ባለሙያ)

እውነትህን ነው። እግሩን አንተ ትሠራለህ፣ መራመዱን ፊዚዮቴራፒስቱ ያስተምራል። አንዳችሁ ከሌላችሁ እግሩ አልጋ ሥር ይቀራል። ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ወደ ሳንባው እንዳይገባ የመዋጥ አቅሙን በብዙ ቦታ የሚመረምረውም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው። ዕቅድ በቡድን መውጣት አለበት፤ ብዙ ቦታ ግን በየሙያው ተነጣጥሎ ነው የሚወጣው።

በቪዲዮ ጥሪ ማከም ወረፋውን አይቀንስም?

ለአንዳንዱ ይቀንሳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው የታዘዘለትን እንቅስቃሴ በትክክል መሥራቱን በስልክ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ በአካል ቢታይ፣ ክትትሉ በስልክ ቢሆን ይመረጣል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ አክታ ማውጣት ያቃተውን ሰው ግን በስልክ አይረዱትም።