ቱርቦው ነው ወይስ ሞተሩ? ጭስ ማውጫ ውስጥ ስለሚገኝ ዘይት ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ላይ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ያለው መኪና በዝቷል። «ቱርቦው ዘይት ጥሏል፣ ይቀየር» የሚለው ፍርድም አብሮ በዝቷል። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡትን ጥያቄዎች እንዲህ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ የማርሚታዋ ጫፍም በዘይት ርሷል። መካኒኩ ቱርቦ ግዛ አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ ገንዘብህን ያዝ። መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደሚጀምር ይታይ። ከቱርቦው በፊት ያለው የጭስ ማኒፎልድ፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ቱቦ ይፈታ። ውስጡ በዘይት ከራሰ የመጣው ከሞተሩ ነው። ወይ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ወይ የቫልቭ ጎሚኒው (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይገባ የሚይዘው ጎማ) ደርቋል። ጭሱ ጠዋት ስታስነሳት ብቻ ወጥቶ ቶሎ ከጠፋ እኔ ጎሚኒውን እጠረጥራለሁ። ማኒፎልዱ ደረቅ ጥላሸት ብቻ ይዞ፣ ዘይቱ ከቱርቦው መውጫ ጀምሮ ከታየ ግን ቱርቦው ይጠረጠራል። ያኔም ቢሆን ገና አልተፈረደበትም።

ጥያቄ፦ ቱርቦው ደህና ከሆነ ታዲያ እንዴት ዘይት ያወጣል?

መልስ፦ ብዙ ሰው ብር የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በዚያ ፍጥነትና ሙቀት ተራ ጎማ አይቆይም። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ዘይቱን የሚይዘው ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ብቻውን ድፍን አድርጎ አይዘጋም፤ ከጭሱና ከአየሩ በኩል ያለው ግፊት ያግዘዋል።

ዘይቱ በፓምፕ ተገፍቶ ይገባል። ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ይወርዳል። መውረጃው ከጠበበ ዘይቱ ቱርቦው መሃል ላይ ይሞላና በቀለበቱ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ያመልጣል። መውረጃውን የሚያጠብበው የተቃጠለ ዘይት፣ የታጠፈ ቱቦ ወይም ሲሊከን ነው። ሲሊከኑን አደራ! በጋስኬት ፋንታ ሲለቀለቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አዲስ ቱርቦ ተገጥሞ ወዲያው ዘይት ካወጣ መጀመሪያ የማስፈታው ይህንን ቱቦ ነው።

ሌላው ምክንያት የሞተሩ መተንፈሻ፣ ማለትም ኮፓው ውስጥ የሚገባውን ጋዝ የሚያስወጣው ቱቦ ነው። እሱ ከተደፈነ ወይም ፋሻው ካለቀ ኮፓው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ዘይቱም መውረድ ይከለከላል። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አስነስተህ የዘይት መሙያውን ክዳን ቀስ ብለህ ክፈት። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። ጭስ እየተፋ ክዳኑን የሚገፋ ከሆነ ግን መጀመሪያ መተንፈሻው ይጽዳ፤ ካልተሻለው ሞተሩ ይመርመር። በዚህ ሁኔታ አዲስ ቱርቦ ብትገጥምለት እሱም ያፈሳል።

ጥያቄ፦ ቱርቦውን ሳላወርድ ጤንነቱን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ሞተሩ ጠፍቶ ይብረድ። የአየር ቱቦውን ፍታና ዘንጉን በጣትህ አሽከርክር፤ ሳይከብድ መዞር አለበት። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ አትደንግጥ፣ ዘንጉ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋው ግን ጭራሽ ሊሰማህ አይገባም ማለት ይቻላል። ዘንጉ ላይ ያሉት አየር የሚገፉ ምላጮች ቤታቸውን ነክተው ከጫሩ አበቃለት። አየር ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት እርጥበት መኖሩ የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጠብታ ይንጠባጠባል። መኪናዬ የቤንዚን ናት። ልፍራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበዪውና ይድረቅ። ደርቆ ጥላሸት ብቻ ከቀረ ውሃ ነው፤ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል። ወረቀቱን አሳልፎ የሚያሳይ የቅባት ምልክት ከተወ ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ እንግዶች ከጀልባ እስኪመለሱ ጣና ዳር ኤሲ አብርቼ ረጅም ሰዓት እቆማለሁ። ሚኒባሱ የናፍጣ ነው፤ ማርሚታው ረጠበ።

መልስ፦ ምክንያቱ መቆሙ ሊሆን ይችላል። በሚኒሞ ብዙ ሲቆይ ሞተሩ ስለማይግል ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ቀለበቱን የሚያግዘው ግፊትም ይቀንሳል። ሰው ጭነህ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር አንድ ጊዜ ውጣ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ይጠጋል። ያ ዳገት ሞተርን ያሠራዋል። ከዚያ በኋላ ከደረቀ ተወው።

ጥያቄ፦ የአቧራ መንገድ ላይ ነው የምሠራው። አየር ፊልትሮው ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ። ፊልትሮው ሲደፈን ቱርቦው አየር እየሳበ ሲያጣ ዘይት ይስባል። አውጥተኸው አትንዳ ግን፤ አቧራው ምላጮቹን ይበላቸዋል።

ጥያቄ፦ ቁልፍ ዘግቼ የናፍጣ ሞተሩ አልጠፋ ብሎ ጮኸ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አደገኛ ነው። ከቱርቦው የሚገባውን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ነው። ማንዋል ከሆነ ፍሬኑን አጥብቀህ ይዘህ ከፍተኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ታንቆ ይጠፋል። እጅህን ወደ አየር መሳቢያው እንዳትሰድ። ምክንያቱ ሳይገኝ ደግመህ አታስነሳው።

ጥያቄ፦ ዳገት ስወጣ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል፤ ከኋላ ግን ጭስ የለም።

መልስ፦ ዘይቱ ከውጭ ሳይሆን አይቀርም። ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት ወርዶ የጋለው ማኒፎልድ ላይ ይጠበሳል። ሞተሩ በርዶ እያለ አካባቢውን አጥበህ አድርቀው፤ የሕፃን ፓውደር ነስንስበትና ትንሽ ንዳ። ስታቆም ከላይ ወደ ታች እየው። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ነው የሚያፈሰው።