ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ጠይቁኝ

በረራ ዕቅድ ላይ ለዓመታት ስለሰራሁ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ መስመር ነው፣ ዛሬ ጊዜ አለኝ ያላችሁን ወርውሩ። የምናወራው ስለ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ነው፣ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

ጥያቄ፦ ርቀቱ ስንት ነው?

በቀጥታ ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። መስመሩ በሱዳን በሊቢያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔንና ፖርቹጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ስሄድ አየርላንድ፣ ደብሊን አረፍን፣ ስመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ገባን። ለምን?

ይሄን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል ወንድሜ፣ ብዙ ሰው አየር መንገዱ ሰው ለመጫን ብሎ የሚያቆም ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ አየር ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሻንጣ ጭኖ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ያለው አማራጭ ወይ ሰው መቀነስ ወይ መንገድ ላይ ነዳጅ መሙላት ነው። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ እዛ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። ደግሞ ደብሊን ማረፍ መንገዱን የሚያስረዝመው 300 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ነው። ማረፊያው እንደየጊዜው ይቀየራል፣ በሎሜም (ቶጎ) የሄዱ አሉ።

ጥያቄ፦ መመለሻው የሚፈጥነው መሬት ወደ ምስራቅ ስለምትዞር ነው አይደል?

አይደለም፣ አየሩም አብሮ ይዞራል። የሚያፈጥነው ነፋስ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ስትሄድ ይጋፋሃል ስትመለስ ይገፋሃል። መሄጃው ከነማረፊያው 16፣ 17 ሰዓት፣ መመለሻው ወደ 13 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ ግን ማታ ተነስቼ ጠዋት እገባለሁ ይላል፣ 10 ሰዓት አይሞላም እኮ?

ትኬት ላይ የሚፃፈው የየከተማው ሰዓት ነው እህቴ። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ህዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ደግሞ 7። ስትሄጂ የምታገኚውን ልዩነት ደምሪበት፣ ስትመለሺ ቀንሺ። እባካችሁ ደግሞ 22:30 የሚለው በኛ ማታ 4:30 ነው፣ 10:30 ብሎ አንብቦ በረራ ያመለጠው ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ እናቴ ብቻዋን ናት የምትመጣው፣ ማረፊያው ላይ ትጠፋብኝ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ሲሞላ ተሳፋሪው ከወንበሩ አይነሳም፣ አውሮፕላንም አይቀየርም። ለሷ የሚከብደው ደለስ ላይ ያለው ኢሚግሬሽን ሰልፍ ነው፣ ስለዚህ ትኬት ስትቆርጥላት ዊልቸር አስመዝግብ፣ የሚገፋት ሰው ሻንጣዋን አስወስዶ አንተ እስካለህበት በር ድረስ ያደርሳታል። የቤትህን አድራሻና ስልክህን በወረቀት ፅፈህ ፓስፖርቷ ውስጥ እንዲያደርጉላት ለሚሸኟት ሰዎች ንገራቸው።