ኡቡንቱ ላይ ዲቪዲ አልጫወት ላለህ ወንድም፦ መጀመሪያ ዲስኩን ለይ

ሰላም ወንድሜ። ያልከውን ላሳጥረው። አሮጌው ዴስክቶፕህ ላይ ዊንዶውስን አጥፍተህ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጭነሃል። እህትህ ከአሜሪካ የላከችው ኦሪጅናል የልጆች ፊልም ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ጭራሽ አልከፈት አለህ። የሰርጋችሁ ዲቪዲ ደግሞ ደህና ይጀምርና መሃል ላይ ስታክ ያደርጋል። «ዊንዶውስ ልመልስ ወይስ ድራይቭ ልግዛ?» ነው ጥያቄህ።

ለጊዜው ሁለቱንም አታድርግ። እንደ አንድ ችግር አየኸው እንጂ ያለህ ሁለት የማይገናኝ ችግር ነው። የአሜሪካው ዲስክ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው፣ በትንሽ ሥራ ይስተካከላል። የሰርጉ ግን የሶፍትዌር ጉዳይ አይመስለኝም፣ እና እውነቱን ለመናገር እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ስለዚህ እስከ መልሴ መጨረሻ ድረስ የሰርጉን ዲስክ አውጥተህ ማቀፊያው ውስጥ አስቀምጠው። እየደጋገምክ አታጫውተው።

ትእዛዞቹን በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፣ አንተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ታደርጋቸዋለህ።

መጀመሪያ የያዝከው ምን ዓይነት ዲስክ እንደሆነ እወቅ። ዲስኩን ክተትና በፋይል ማሳያው ክፈተው። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ካለው እውነተኛ የዲቪዲ ቪዲዮ ነው። ውስጡ መጨረሻቸው «ቪኦቢ» የሆነ ፋይሎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ቢበዛ 1 ጊጋባይት ናቸው። ፎልደሩ ከሌለና ዝም ብሎ ኤምፒ4 ወይም ኤቪአይ ፋይሎች ከተደረደሩበት ዳታ ዲስክ ነው፣ ፋይሉን ሁለቴ ተጭነህ ታየዋለህ፣ አለቀ። «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ፎልደር ካየህ ደግሞ ቪሲዲ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እኛ አገር የድሮ የአማርኛ ፊልሞችና የዘፈን ክሊፖች በብዛት በቪሲዲ ነበር የሚሸጡት። ብዙ ሰው ሊኑክስ ላይ ውስጡ ያለውን «ዳት» ፋይል ወደ ዴስክቶፑ ልቅዳ ሲል የማንበብ ስህተት ይመጣበትና ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም! ቪሲዲ ቪዲዮውን የሚያስቀምጠው ከተራ ፋይል በተለየ የሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለበት ትንሽ ቁራጭ) አሠራር ስለሆነ ሊኑክስ እንደ ተራ ፋይል ሊቀዳው አይችልም። ቪኤልሲ ውስጥ «ሚዲያ»፣ ቀጥሎ «ኦፕን ዲስክ» ብለህ ቪሲዲ የሚለውን ምረጥና አጫውት። ቤተሰብህ ጋ እንዲህ ያለ ዲስክ ካለ እባክህ እንዳይጣል ንገራቸው።

አሁን ወደ እህትህ ዲስክ። ኦሪጅናል የፊልም ዲቪዲዎች በብዛት ሲኤስኤስ በሚባል ዘዴ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ነው፣ በዛሬ ዓይን በጣም ደካማ። በ1999 ዲሲኤስኤስ የሚባል ፕሮግራም ወጣና ቁልፉ ተሰበረ። በዚህ ምክንያት የተከሰሰው ዮን ሌክ ዮሃንሰን የሚባል የኖርዌይ ወጣት በ2003 ነጻ ተባለ። ከዚያ የቪኤልሲ ሠሪዎች፣ ማለትም በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ የተማሪዎች ሥራ ሆኖ የተጀመረው ቪዲዮላን፣ ሊብዲቪዲሲኤስኤስ የሚባለውን ላይብረሪ (ማጫወቻው ቁልፉን ለመፍታት የሚጠቀምበትን ረዳት ፕሮግራም) አወጡ። እስከ ዛሬ ሊኑክስ ላይ የተቆለፈ ዲቪዲ የምናየው በእሱ ነው። ኡቡንቱ ግን አብሮት አይሰጥህም፣ ምክንያቱም የአሜሪካ የ1998 የቅጂ መብት ሕግ ቁልፍ የሚሰብር መሣሪያ ማሰራጨትን ስለሚከለክል እንደ ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ኡቡንቱ ዲቪዲ አይችልም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የጎደለው አንድ ላይብረሪ ነው፣ እሱም የጎደለው በሕግ እንጂ በቴክኒክ አይደለም።

የምታደርገው ይኸው። ተርሚናል ክፈትና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብዲቪዲ-ፒኬጂ» በል። አላገኘሁም ካለህ የሶፍትዌር ምንጮች ውስጥ ገብተህ መልቲቨርስ የሚለውን አብራው፣ «ሱዶ አፕት አፕዴት» በልና ድገመው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ይህ ፓኬጅ ራሱ ላይብረሪውን አልያዘም። ምንጩን ከቪዲዮላን አውርዶ እዚያው አንተ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አዘጋጅ ብቻ ነው። መሃል ላይ ጥያቄ ያመጣልሃል፣ እሺ በለው። ከዚያ ደግሞ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ሊብዲቪዲ-ፒኬጂ» ብለህ ማስጨረስ አለብህ። በዚህ ጊዜ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ፓኬጁ ተጭኗል ይልሃል፣ ላይብረሪው ግን የለም፣ ፊልሙም አይከፈትም። ኔትወርኩ ሲመለስ ያንኑ ሁለተኛ ትእዛዝ ደግመህ ማዘዝ ነው እንጂ ሁሉንም ነገር ነቅሎ መትከል አያስፈልግም።

ቪኤልሲን ከየት እንደጫንከው አልነገርከንም። በስናፕ (ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ በሚጭነው ዘዴ) ከሆነ የታጠረ ስለሆነ ሲስተሙ ላይ የጫንከውን ላይብረሪ አያይም። በአፕት የሚመጣውን ጫን፣ ግራ ከመጋባት ትድናለህ።

ቀጥሎ ከተርሚናል አስነሳው፦ «ቪኤልሲ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ዲቪዲ» ብለህ ሁለት ነጥብና ሦስት ስላሽ፣ ከዚያ «ዴቭ» ስላሽ «ኤስአር0»። ከተርሚናል አስነሳ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ቪኤልሲ በመስኮቱ «ዲስኩን መክፈት አልተቻለም» ብሎ ይዘጋዋል፣ ተርሚናሉ ላይ ግን እውነቱን ይጽፈዋል። የተቆለፈ ዲቪዲ ድጋፍ የለም የሚል መስመር ካየህ ላይብረሪው አሁንም አልገባም ማለት ነው። ላይብረሪው ገብቶ ሜኑው ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ «ኦፕን ዲስክ» ውስጥ «ኖ ዲስክ ሜኑስ» የሚለውን ምልክት አድርግበት፣ ቀጥታ ወደ ፊልሙ ይገባል።

ሌላው ሊያስቸግርህ የሚችለው ሪጅን ነው። ዲቪዲ ዓለምን በዋናነት 6 ቦታ ይከፍላል። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው፣ አውሮፓ 2 ነው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ 5 ነው። እህትህ የላከችው 1 የሚል ይሆናል፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ የዓለም ካርታ መሳይ ክብ ውስጥ ቁጥሩን ታገኘዋለህ። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ድራይቮች ሪጅኑን ራሳቸው ሃርድዌሩ ላይ ነው የሚይዙት፣ ካልገጠመ ቁልፉን አልሰጥም ይላሉ። ደስ የሚለው ግን ሊብዲቪዲሲኤስኤስ ድራይቩ ቁልፍ ከከለከለው ራሱ አስልቶ ሊያገኘው ይሞክራል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው፣ ቆመ ብለህ አትዝጋው፣ ታገሠው። አንዳንድ ድራይቮች፣ በተለይ አንዳንድ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡት፣ ሪጅኑ ካልገጠመ ዳታውን ራሱን አያስነብቡም። እንደዚያ ከሆነ «ሪጅንሴት» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ አሁን ድራይቩ ስንት ቁጥር ላይ እንዳለና ስንት ጊዜ መቀየር እንደቀረህ ያሳይሃል። ተጠንቀቅ፣ መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ይቆለፋል። ኡቡንቱን ብትቀይር ወይም ዊንዶውስ ብትመልስ ቆጠራው ዜሮ አይሆንም፣ ድራይቩ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካላለቀ አትንካው። ቤት የሚመጡልህ ዲስኮች ሁሉ ከአሜሪካ ከሆኑ ግን አንዴ 1 ላይ አድርገህ መተው ጥሩ ውሳኔ ነው። ፓል ነው ኤንቲኤስሲ ነው የሚለው የቴሌቪዥን ጣጣ ኮምፒውተር ላይ አያሳስብህ፣ ሁለቱንም ያጫውታል።

አንድ መለያ ልስጥህ። ምስሉ በአረንጓዴና በሮዝ ካሬዎች ተሞልቶ እየተዘበራረቀ ግን ሳይቆም ከሄደ ቁልፉ በትክክል አልተፈታም። መነሻ ፎልደርህ ውስጥ «ዲቪዲሲኤስኤስ» የሚል የተደበቀ ፎልደር ካለ አጥፋውና እንደገና ሞክር፣ የተቀመጠው ቁልፍ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ምስሉ ንጹህ ሆኖ ድንገት ደርቆ ከቆመና ድራይቩ እየጮኸ ከሄደ ግን ችግሩ ማንበብ ላይ ነው።

የሰርግህ ዲስክ ይሄ ሁለተኛው ነው። የሰርግ ዲቪዲ አይቆለፍም። ቪዲዮ ቤቱ በባዶ ዲስክ ላይ ያቃጠለው ስለሆነ ሊብዲቪዲሲኤስኤስም ሪጅንም አያገባውም፣ ስለዚህ የፈለግከውን ኮዴክ (የቪዲዮ መፍቻ) ብትጭን አይለወጥም። የተቃጠለ ዲስክ ፊልሙ የተጻፈው በቀለም ንብርብር ላይ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ በፀሐይ፣ በሙቀትና በዕድሜ ይደበዝዛል። ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ሲነሳ ወይም ሲያብጥ ዲስኩ በፍጥነት ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። እንዳትልጠው ግን፣ ዲስኩን አብረህ ልታበላሸው ትችላለህ። መጀመሪያው ደህና ሆኖ መሃል ላይ መቆሙም ይገባኛል፣ ዲቪዲ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው የሚነበበው፣ የጣት አሻራና ጭረት ደግሞ የሚበዛው ወደ ጠርዙ ነው።

ለስላሳ ጨርቅ በንጹህ ውሃ ነክረህ ከመሃል ወደ ውጭ ቀጥ እያደረግክ ጥረገው፣ ዙሪያውን እያሽከረከርክ አትጥረግ። ይድረቅ። ከዚያ አታጫውተው፣ ቅዳው። ለዚህ የሚሆነው ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ኡቡንቱ ላይ የፓኬጁ ስም መጀመሪያው ላይ ጂ ተጨምሮበት «ጂዲዲሬስኪው» ነው። ሃርድ ዲስክህ ላይ ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ ከሆነ 4.7፣ ባለ ሁለት ከሆነ 8.5 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ያዝ። ትእዛዙ «ሱዶ ዲዲሬስኪው» ብሎ፣ ሰረዝ ኤን፣ ሰረዝ ቢ 2048፣ ቀጥሎ «ዴቭ ኤስአር0» የሚለው የድራይቩ አድራሻ፣ ቀጥሎ የምትሰጠው የአይኤስኦ ፋይል (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) ስም፣ መጨረሻ ላይ የማፕ ፋይሉ ስም ነው። በመጀመሪያው ዙር ቀላሉን ሁሉ ይሰበስብና የከበደውን አልፎት ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር ሰረዝ ኤኑን አንሳና ሰረዝ ዲ እና ሰረዝ አር3 አድርግበት፣ ወደቀሩት ብቻ ተመልሶ ይታገላል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ተወው ይሥራ።

የማፕ ፋይሉን በምንም ምክንያት እንዳታጠፋው። የትኛው ሴክተር እንደተነበበና የትኛው እንደቀረ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ድራይቭ ያቃተውን ሴክተር ሌላ ድራይቭ ብዙ ጊዜ ያነበዋል። ስለዚህ የጀመርከውን አይኤስኦና ማፑን በፍላሽ ይዘህ ጓደኛህ ቤት ሂድ፣ እዚያ ያንኑ ትእዛዝ ስጠው፣ ካቆመበት ይቀጥልና ክፍተቱን ይሞላልሃል። በየቤቱ ተረስተው የተቀመጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ለዚህ ወርቅ ናቸው። ፍላሹ ግን ፋት32 ሆኖ ከተፎረመተ ከ4 ጊጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት አድርገው። ሲያልቅ አይኤስኦውን በቪኤልሲ ክፈተው፣ ጥቂት ሴክተር ቢቀር እንኳ ለቅጽበት ይሰናከልና ይቀጥላል። ምስሉ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ማበጠሪያ የመሰለ መስመር ካሳየህ ጉዳት አይደለም፣ ቪኤልሲ ላይ ዲ የሚለውን ቁልፍ ተጫን።

ቅጂውን ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቦታ አኑር፣ ለእህትህም ላክላት። ቪዲዮ ቤቱ ዋናውን ቅጂ እስከ አሁን ይይዘዋል ብለህ አትጠብቅ።

ድራይቩን ስለመቀየር፦ ሌሎች የተቃጠሉ ዲቪዲዎችንም እንዲሁ ካቆማቸው ያኔ ጠርጥረው። ሲዲ በደንብ እያነበበ ዲቪዲ ብቻ ካቃተው ገመድ አትወቅስ። ሲዲ በ780፣ ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ጨረር ነው የሚነበበው፣ አንዱ ደክሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ የምትገዛ ከሆነ ዴስክቶፑ ጀርባ ላይ ባለው ቀዳዳ ቀጥታ ሰካው፣ በሃብ ከሆነ ኃይል ያንሰውና እያነበበ ይጠፋል።

አሁን የእህትህን ዲስክ ክተት፣ ሞክረው፣ ከዚያ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ብለህ (ሲጻፍ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው) የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልክህ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። «የተቆለፈ ሴክተር ያለ ፈቃድ ተነበበ» የሚል ይዘት ያለው መስመር ካለ ጣጣው የቁልፍ ወይም የሪጅን ነው። «ሚዲየም ኤረር» የሚል ካለ ዲስኩ ወይም ድራይቩ ነው። የድራይቩን ሞዴልም ጨምርበት፣ ሪጅንሴት ያስፈልግ አያስፈልግ የሚለውን ከዚያ አይተን እንወስናለን።