የዕውቅና ነጥብ ለምን ይሰጣል፣ እንዴትስ ይመዘገባል? ከአባላት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በሚና ጨዋታ ክበባችን የዕውቅና ነጥብ መዝገቡን የምይዘው እኔ በመሆኔ፣ በዚህ ዓመት ከአባላት በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳይ ጥያቄ ለየሰዉ ደጋግሞ ከመመለስ ሁሉንም አሰባስቦ በጽሑፍ መመለስ እንደሚሻል ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ስለወሰነ፣ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። ክበቡን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፦ አራት ኪሎ አካባቢ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን፤ እያንዳንዱ አባል የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ፣ የጨዋታ መሪው በሚዘረጋው ታሪክ ውስጥ እየተናገረና ዳይስ እየጣለ ይጫወታል።

ጥያቄ፦ በጨዋታ ላይ ሳልቀር መገኘቴ ብቻውን ነጥብ ያሰጠኛል?

መልስ፦ አያሰጥም። መጫወት ሁላችንም የመጣንበት ጉዳይ ነው፤ ነጥብ የሚሰጠው ሌላው ሰው መጫወት እንዲችል ለተሠራ ሥራ ነው። በደንባችን መሠረት አንድ ሙሉ ጨዋታ አዘጋጅቶ የመራ 10 ነጥብ፣ አዲስ አባልን ከገጸ ባሕርይ አፈጣጠር ጀምሮ እስከ ዳይስ አቆጣጠር ድረስ ያስተማረ 5 ነጥብ፣ የዕለቱን ታሪክ ጽፎ ለቀጣዩ ሳምንት ያቀረበ 3 ነጥብ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያስተካከለ ወይም መጨረሻ ላይ ክፍሉን ያጸዳ 2 ነጥብ ያገኛል። ለጨዋታ መሪው ከፍ ያለ ነጥብ የተመደበለት፣ ለ3 ሰዓት ጨዋታ ቢያንስ የዚያን ያህል ሰዓት ቤቱ ተቀምጦ ስለሚዘጋጅ ነው።

ጥያቄ፦ መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ባለፈው «ረድቻለሁ» ብዬ ብጽፍ ተመለሰብኝ።

መልስ፦ የተመለሰው ሥራዎ ተጠርጥሮ አይደለም፤ ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ከዚያ ቃል ምንም ሊረዳ ስለማይችል ነው። አንድ መስመር አራት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ ቀኑን፣ የተሠራውን ሥራ፣ የሚጠየቀውን ነጥብና ምስክሩን። ለምሳሌ ያህል ከመዝገቡ አንዱን እንዳለ ልጥቀስ፦ «ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት፤ አራት ጠረጴዛና ሃያ ወንበር ማስተካከል፤ 2 ነጥብ፤ ምስክር የዕለቱ የጨዋታ መሪ።» ይህ በቂ ነው። ምስክሩ በዚያው ቀን ከጎኑ ይፈርማል። ሳምንት ካለፈ በኋላ ፊርማ ማሰባሰብ ግን ለሁሉም ሰው አድካሚ ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል የሚባለውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ወንበሩን አስተካክለው ሳይቀመጡ በፊት መዝገቡን እንዲጠይቁኝ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ብጽፈው ምን ችግር አለው? ስልኬ የሚያሳየኝ እሱን ነው።

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው የምፈልገው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም በመዝገባችን ላይ ከታዩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የመጡት ከማጭበርበር ሳይሆን ከቀን አጻጻፍ ነው። ከላይ የጠቀስኩትን ዕለት እንውሰድ። ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 18 ቀን 2025 ነው። አንዱ አባል 08/02/18 ብሎ ጻፈ፤ ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ነውና ልክ ነው። ሌላው ስለዚያው ጨዋታ 18/10/25 ብሎ ጻፈ፤ እሱም በስልኩ አቆጣጠር ልክ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ግን በሁለት የተለያዩ ቀናት ሁለት ጨዋታዎች የተካሄዱ ይመስለዋል፤ የመጀመሪያውንም በፌብሩዋሪ 2018 እንደ ተሠራ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ኤክሴል ላይ ሲገባ ደግሞ ይብሳል፤ ኮምፒውተሩ የኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ቆጥሮ በራሱ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል፣ ጳጉሜን 3 ብለው ቢያስገቡለትም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ከነጭራሹ ቀን መሆኑን አይቀበለውም።

ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል እንጽፋለን፤ «ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.» እንጂ 08/02 አንልም። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ጨዋታችን የሚጀመረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲሆን ስልክዎ 2፡00 ወይም 14፡00 ሊልዎ ይችላል። በኛ አቆጣጠር ይጻፉ፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውንም አይተዉ።

ጥያቄ፦ ጳጉሜን ላይ የሠራሁት በየትኛው ወር ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ከነሐሴ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። በወር ከ40 ነጥብ በላይ እንዳይያዝ ጣሪያ ስላለን፣ ጳጉሜን ለብቻዋ እንደ ወር ብትቆጠር ለ5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ለ6 ቀን፣ የአንድ ሙሉ ወር ጣሪያ ትከፍት ነበር።

ጥያቄ፦ በወር አራቱንም ቅዳሜ የምመራ ሰው ነኝ። አራት ጊዜ አሥር አርባ ስለሆነ ጣሪያው ላይ እደርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉን ባጸዳም አዲስ ሰው ባስተምርም አይቆጠርልኝም ማለት ነው?

መልስ፦ በአሁኑ ደንብ አይደመርልዎትም፤ መመዝገብ ግን ይመዘገባል። ከጣሪያ በላይ የሆነው ሥራ በተለየ ዓምድ ሰፍሮ በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነበባል። ጣሪያው ራሱ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጊዜ የተረፋቸው ጥቂት ሰዎች ነጥቡን ሁሉ ከሰበሰቡት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ወይም ልጅ የሚያሳድግ አባል ምንም ቢለፋ ስሙ ከግርጌ እንደ ሆነ ይቀራል። ሆኖም ጠያቂው ወንድማችን ያነሡት ነገር እውነት ነው። ጨዋታ የሚመራ ሰው ቀድሞ ጣሪያ ስለሚነካ፣ ደንቡ ሳያስበው «ከመራህ በኋላ መጥረጊያ አታንሣ» የሚል መልእክት እያስተላለፈ ነው። በእኔ አስተያየት ለመምራት የሚያዘው ነጥብ በወር 30 ላይ ቢቆምና ቀሪው 10 ለሌላ ሥራ ብቻ ቢተው የተሻለ ይሆናል። ይህንኑ ለቀጣዩ ጉባኤ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ምልዓተ ጉባኤው ከተሟላ ድምፅ ይሰጥበታል።

ጥያቄ፦ ለክበቡ ዳይስና መጽሐፍ ገዝቼ ብሰጥ ስንት ነጥብ አገኛለሁ?

መልስ፦ ለገንዘብና ለስጦታ ነጥብ የለም። ደረሰኝ ይቆረጥልዎታል፣ በጉባኤም ፊት ይመሰገናሉ። ነጥብ በብር የሚገኝ ከሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር የሚያነሣው ተማሪ ሥራ ዋጋ ያጣል።

ጥያቄ፦ ቡና ማፍላትስ?

መልስ፦ ይቆጠራል፤ 3 ነጥብ። ቡናና ስኳር መግዛት ገንዘብ ነው፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ሦስቱንም ዙር አፍልቶ፣ ሲኒውን አጥቦ መመለስ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው። ጥያቄውን ላቀረቡልን እህታችን አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ ቡናው በመዝገብ ሳይገባ በነበረበት ጊዜ፣ ማንም ሳያዝዝ ዘወትር የሚያፈሉት ሴት አባላት ነበሩ፤ ጨዋታው ሲጋጋል እነሱ ከሰል ያራግቡ ስለነበር የገጸ ባሕርያቸው ተራ እያለፈባቸው ይቀር ነበር። ሥራው በስም መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ማን ስንት ጊዜ እንዳፈላ በግልጽ ስለታየ ተራ ወጥቶለታል፤ አሁን ወንዶቹም በተራቸው ያፈላሉ። መዝገቡ ካስገኛቸው ጥቅሞች ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ የማየው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መተርጎም እፈልጋለሁ። ነጥብ አለው? በሕግስ አያስጠይቀኝም?

መልስ፦ ነጥብ አለው፤ ለአንድ ገጽ 2 ነጥብ ሲሆን፣ የሚያዘውም ሌላ አባል ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያይቶ ካረመው በኋላ ነው። አራሚውም ለገጹ 1 ነጥብ ያገኛል። ስለ ሕጉ፦ መብቱ የተጠበቀ መጽሐፍን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እየተረጎሙ ማሰራጨት አይቻልም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ሕጎችን የያዘው ኤስአርዲ 5.1 የተባለው ሰነድ ግን ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ተለቋል፤ ምንጩን በፈቃዱ በተገለጸው መልክ እስከ ጠቀሱና ለውጥ ማድረግዎን እስካመለከቱ ድረስ መተርጎምም ማባዛትም ይፈቀዳል። ሰነዱ ከመጽሐፎቹ ውስጥ የተመረጠውን ክፍል ብቻ ስለያዘ፣ ከመጀመርዎ በፊት ያሰቡት ምዕራፍ በውስጡ መኖሩን ያረጋግጡ። ከምሥጢረኛ አስማትና ከጭራቅ ዝርዝር ይልቅ በገጸ ባሕርይ አፈጣጠር ቢጀምሩ ለአዲስ አባላት ቶሎ ይደርስላቸዋል።

ጥያቄ፦ ነጥቡ ስንት ሲደርስ ገጸ ባሕርዬ ይጠነክራል?

መልስ፦ ምንም ያህል ቢደርስ አይጠነክርም። በሌላ አገር ነጥብን በጨዋታው ውስጥ ለሚገኝ ጥቅም የሚመነዝሩ ክበቦች አሉ፤ እኛ ግን ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሰውና ነባር ሰው እኩል ዕድል ይዘው እንዲቀመጡ መርጠናል። በ100 ነጥብ መጽሐፍ ቤት ወስዶ የማንበብ፣ በ250 የዓመቱን ረዥም ታሪክ ለመምራት የመወዳደር፣ በ500 በኮሚቴ የመመረጥ መብት ይገኛል።

ልማዱ የኛ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው አርፒጂኤ የተባለው የተጫዋቾች ማኅበር ለአባላቱ ነጥብ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው፣ ፓዝፋይንደር የተባለውን የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ፓዝፋይንደር ሶሳይቲ ደግሞ የጨዋታውን የመጀመሪያ እትም ለሚመሩ ኮከብ ይሰጣል፤ 10 ጨዋታ የመራ አንድ፣ 30 የመራ ሁለት፣ 60 የመራ ሦስት፣ 100 የመራ አራት ኮከብ ያገኛል። ለአምስተኛው 150 ጨዋታ መምራት ብቻውን አይበቃም፤ ጨዋታ የሚመራበት መንገድ ራሱ በኃላፊዎች ይገመገማል። እኔ የምወደው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ ብዛት ብቻ ሲቆጠር ጥራት እንደሚዘነጋ ቀድመው አስበውበታል። እኛም ገና ይህን የሚመስል ነገር የለንም።

ጥያቄ፦ የተጻፈብኝ ነጥብ ስሕተት ከሆነ ይሰረዝልኛል?

መልስ፦ ይታረማል እንጂ አይጠፋም። በስሕተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል፣ ትክክለኛው ከሥሩ ይጻፋል፣ ያረመውም ሰው ይፈርማል፤ የቀድሞው ጽሑፍ ግን የሚነበብ ሆኖ ይቆያል። በፍሉድ የተሸፈነ ወይም ስርዝ ድልዝ የበዛበት ገጽ ለማንም አመኔታ አይሰጥም። ካልተስማማን ጉዳዩ ለኮሚቴው ይቀርባል፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ጥያቄ፦ ስሜና ነጥቤ ግድግዳ ላይ ባይለጠፍ እመርጣለሁ።

መልስ፦ አይለጠፍም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሳንጠይቅ የሰው ስም ማሳየት አቁመናል፤ የሚለጠፈው ፈቅዶ የፈረመ አባል ዝርዝር ብቻ ነው። የራስዎን ገጽ ግን በፈለጉት ቅዳሜ ማየት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የነበረው ክፍላችን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲነሣ ዕቃውን እስከ አራት ኪሎ ያጓጓዝን ሰዎች ነበርን። በወቅቱ ማንም አልመዘገበልንም። ጊዜው አልፏል?

መልስ፦ በመደበኛው ደንብ ሥራው ከተሠራ 30 ቀን ካለፈው አይመዘገብም። ይህ ጉዳይ ግን በኮሚቴው ታይቶ ልዩ ውሳኔ ተሰጥቶበታል፤ የዚያን ዕለት መጻሕፍቱንና ጠረጴዛዎቹን የተረከበው አባል የአስረካቢዎቹን ስም በወረቀት ይዞ ስለነበር፣ በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈሩት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ይያዝላቸዋል። ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩ ካሉ፣ አብረዋቸው ከተሸከሙት ሰዎች ሌላ የሆነ፣ ቦታው ላይ የነበረ አንድ ምስክር ይዘው እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ይምጡ።